የሻዕባን ብቅል

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ለልጇ ሠርግ ጠላ ልትጠምቅ እንኩሮ ስትቆላ፣ ሽታው አጥሩን ተሻግሮ ግቢያችንን ሞላው። እኔም ከተጋደምኩበት ተነሥቼ የውጭውን በር ቀረቀርኩ፤ መስኮቱን ዘጋሁ፤ ከዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ። የልጅ ልጄ ከስልኳ ቀና ብላ ሌባ አየሽ እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? ጎንደር መሀል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሠርግ ጠላ ሽታ አስፈራኝ ይባላል? ነፋስ ነው አልኳት። ነፋስ የሚባል ነገር አልነበረም።

ያ ሽታ ለሌላው ሰው ሠርግ ነው፣ ክርስትና ነው፣ የዘመድ ጫጫታ ነው። ለኔ ግን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው። የማሽላው ዱቄት ተቆልቶ ሲጠቁር የሚሰጠው ጭስ ጭስ የሚል ጣፋጭ መዓዛ ገና አፍንጫዬን ሲነካኝ ከደጅ የመኪና ድምፅ እጠብቃለሁ። ፖሊሶቹ የሚመጡባት አሮጌ ፒካፕ ነበረች፤ ሞተሯ ከጠፋ በኋላም ትንሽ ትንፈራገጥ ነበር። አገሬ ከገባሁ ስንት ዘመኔ፤ ባል አግብቼ፣ ልጆች ድሬ፣ ፀጉሬ ነጭቶ፣ ያቺ መኪና አሁንም ከበሬ ላይ ትቆማለች። ፍርሃት እንዲህ ያለ ዕድሜ እንዳለው ማንም አልነገረኝም።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም፤ ዓመት በዓመት ላይ ተደራርቦብኛል። የማስታውሰው አንድ ኩባያ ሻይ በወተት ስንት እንደነበረ ነው፤ አንዲት ሺሊን የሚሏትን ሳንቲም ይዞ የወጣ ሰው ሻዩን ጠጥቶ ዘላቢያ የሚሉትን የተጠበሰ ሊጥም ይበላ ነበር። የማስታውሰው ሰሊጥ መጭመቂያው ነው፤ ዓይኑን የታሰረ ግመል ቀኑን ሙሉ ግንዱን እየዞረ ዘይት ያወጣል፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰሊጥ ሰሊጥ ይላል። የሴቶቹ ቶብ፣ ሰውነታቸው ላይ የሚጠቀልሉት ረጅም ጨርቅ፣ ትዝ ይለኛል፤ ከሁሉ ያማረው ያ ሳሳ ያለ ሎሚማ ቀለም ነበር፣ ከገበያው ጥግ ከተሰቀለበት ስር ቆሜ ስመኘው ዓይኔ ይፈዝ ነበር። እኔ የነበረችኝ ከመተማ የለበስኳት አበባማ ቀሚስና የላስቲክ ጫማ ናት። ሎሪዎቹ ግንባራቸው ላይ የሰጎን ላባ ሰክተው፣ ካሴታቸውን ለቀው ከድንበሩ ከተማ ከገላባት ሲገቡ፣ ከአረብኛው ዘፈን መሀል አንዳንዴ የኛ አገር ክራር ብቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ሠራተኛው ሁሉ እጁ ላይ ያለውን ይዞ ይቆማል።

የምኖረው ከእትዬ ደብሬ ጋር ነበር። ዘመዴ አይደለችም፤ ድንበር ስንሻገር ውኃዋን ስላካፈለችኝ ተከትያት የቀረሁ ነኝ። አጭር፣ ደረቷ ሰፊ፣ ስትቆጣ ድምፅዋን የምትቀንስ ሴት ናት። ከከተማው ዳር ዱራ በሚሉት ማሽላ አገዳ የታጠረ ሖሽ፣ ማለት ግቢ፣ ተከራይታ አንዲት ክብ የሣር ቤትና የፀሐይ መከለያ ራኩባ ነበራት። እዚያ ራኩባ ስር ጠላ ትሸጥ ነበር። የአርማጭሆና የመተማ ሰሊጥ አጫጆች ወራቱ ሲደርስ እየመጡ፣ እንደ አገራቸው በጣሳ እየጠጡ፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። አንድ ልጅ ነበራት፣ ሙሉቀን። ለውትድርና ሲታፈስ አምልጦ በረሃ ገብቷል። እሷ የምታውቀው በሕይወት እንዳለና አንድ ቀን ከአጫጆች ጋር ተቀላቅሎ ወደ ገዳሪፍ እንደሚሻገር ብቻ ነው። በሰው በሰው ያስላከችለትም አንድ ነገር ነው፤ ከግመሉ ዘይት ቤት ጀርባ፣ ኒም ዛፍ ያለበት ቤት፣ የሸኽ ኢድሪስ ሱቅ ጎረቤት። ሌላ አድራሻ አልነበራትም።

ከዚያ ሕጉ መጣ። ከካርቱም ነው የመጣው አሉ፤ እዚያ ጠርሙስ ሁሉ ተሰብሮ ወንዝ ገባ ተባለ። እኛ ግን ሩቅ ነበርንና መጀመሪያ ወሬ መስሎን ነበር። ወደ ደጃችን ያመጣው የሰፈሩ መስጊድ ጀመዓ ነው። ሽማግሌዎቹ ነጭ ጀላቢያቸውን ለብሰው በሰልፍ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄዱ፤ የካርቱሙ ሕግ አረቄና ጠላ መሸጥን ይከለክላል፣ እኛ ግን መጥመቂያው ራሱ ከገበያችን ይውጣልን ብለው አመለከቱ። ማዘጋጃ ቤቱም እሺ አለ። ከዚያ ወዲያ በከተማው ገሾ መሸጥ ተከለከለ፤ ትልልቅ ጋን መሸጥም ተከለከለ፤ ማታ ማታ ከበሮ ማከራየትም ተከለከለ። ቱምባክ የሚሉት የከንፈር ትምባሆ ብቻ ሳይነካ ቀረ፤ እትዬ ደብሬ ሽማግሌዎቹ ሲፈርሙ ከንፈራቸው ስር ስለነበረ ነው ትል ነበር። አንድ የወሎ ሙስሊም ነጋዴ ገሾውን በርበሬ ጆንያ ስር ደብቆ ተገኝቶ ሱቁ ታሸገበት። ሰውዬው በሕይወቱ ጠላ ቀምሶ አያውቅም።

እትዬ ደብሬ በመጀመሪያው ከሻ ተያዘች። ከሻ የሚሉት ድንገተኛ ፍተሻውን ነው። ገበያው አጠገብ ባለ ክፍት ቦታ፣ ሰው እያየ፣ ከነልብሷ ተገረፈች። ጀርባዋን የጠረግሁላት እኔ ነኝ፤ ስጠርግላት አንዴም አላቃሰተችም፣ ስለ ሽሮ ነው የምታወራው። ያስለቀሳት ጅራፉ ሳይሆን ዳኛው የተናገረው ነው። ሁለተኛ ከተያዘች ገላባት ወስደው ድልድዩን ያሻግሯታል። ድልድዩ ማዶ መተማ ነው፤ መተማ ደግሞ ደርግ አለ፣ ከድተው የጠፉ ልጆች እናቶች ስም ደግሞ ከቀበሌው አለ። ኡም ጋርጉር መጠለያ ሂጂ፣ ወይ ኒው ሀልፋ ሸንኮራ ቆረጣ ግቢ ብለን ለመንናት። ልጄ መጥቶ ኒሙን ሲያገኝ እኔን ካላገኘኝስ አለች። ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቃት።

መሸጡን ተወች። በሰው ቤት ልብስ ማጠብ፣ ሰሊጥ ማበጠር ጀመርን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሸኽ ኢድሪስ ሱቅ ስኳርና ዘይት እንገዛለን። ሸኽ ኢድሪስ ረጅም፣ ጢሙን በሂና ያቀላ፣ ከጀመዓው ዋና ዋናዎች አንዱ ነበር። ወንድሙ በአረቄ ነው የሞተው፤ ሰክሮ ከሎሪ ላይ ወድቆ። ስለዚህ እሱ ሕጉን የፈለገው ለታይታ አልነበረም፣ ይኼን እኛም እናውቅ ነበር። ቃል አያበዛም። ሚዛኑን አስተካክሎ፣ ዋጋውን በአረብኛ ተናግሮ፣ ዓይኑን ወደ መቁጠሪያው ይመልሳል። እኛም ከፊቱ ቆመን በአማርኛ እንደ ልባችን እናወራለን። ስደተኛ አንድ ሀብት አለው፣ ማንም የማይሰማው ቋንቋ፤ እኛም በዚያ ሀብት እንኩራራ ነበር። ይኼ ቀይ ጢም ዛሬ ምን ነክሶት ነው ፊቱን ያጨማደደው እላለሁ እኔ። ስኳሩን ሲመዝን ጣቱ ሚዛኑ ላይ አለች፣ እይው ትላለች እሷ። ሰው ከአርማጭሆ ከመጣም ስለ ሙሉቀን የሰማነውን እዚያው ከሱቁ ደጅ እንነጋገራለን፤ የት እንደታየ፣ በማን ስም እንደሚጠራ፣ ከማን ጋር እንደሚሻገር። ሸኽ ኢድሪስ ዘይቱን በማንቆርቆሪያው እየቀዳ አንዲት ጠብታ ሳያፈስ ይሞላልናል።

ሚስቱ ሐጃ ሲታና ሌላ ፍጥረት ናት። ግቢያችንና ግቢዋ በአገዳ አጥር ነው የሚለያዩት፤ አጥሩ ላይ እሷ ራሷ ያሰፋችው ቀዳዳ አለ፣ ወፍራም ስለሆነች በየዓመቱ ይሰፋል። ሳቋ ከመንገድ ይሰማል። እትዬ ደብሬ በተገረፈች ሰሞን ጀርባዋን የቀባንበትን የሰሊጥ ዘይት ያመጣችው እሷ ናት፤ ባሏ የፈረመበት ሕግ ያቆሰለውን ባሏ የሚሸጠው ዘይት ሲያክመው አይተው ሁለቱም ሴቶች በአንድ ላይ ሳቁ። ከዚያ አንድ ቀን፣ የረመዳን ወር ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ሻዕባን በሚሉት ወር፣ በቀዳዳው ብገባ ሐጃ ሲታና ጓዳ ውስጥ ያየሁት አስደነገጠኝ። እርጥብ ጆንያ ላይ የበቀለ ማሽላ ተሰጥቷል። ብቅል። ነጭ ሥሩን አውጥቶ የተሳሰረ፣ የኛው ብቅል። የሸኽ ኢድሪስ ሚስት ጠላ ልትጠምቅ ነው ብዬ ልሞት ነበር።

ነገሩ ሌላ ነው። ሱዳኖች ለረመዳን ሒሉ ሙር የሚሉት መጠጥ አላቸው። ማሽላውን ያበቅላሉ፣ ይፈጩታል፣ በዱራ ዱቄት ያቦኩታል፣ ዝንጅብልና ቀረፋ ያደርጉበታል፣ ሳጅ በሚሉት ብረት ምጣድ ላይ እንደ ወረቀት ስስ አድርገው ቡናማ እስኪሆን ይጋግሩታል። ያን ቂጣ አድርቀው አስቀምጠው፣ ሲያፈጥሩ ውኃ ውስጥ ነክረው በስኳር ይጠጡታል። አያሰክርም። ግን በሻዕባን ወር ገዳሪፍን የዞረ ሰው ከየቤቱ የሚያሸተው የተቆላ ብቅል ነው፤ ዓይኑን ቢጨፍን ጎንደር የጥምቀት ዋዜማ የገባ ይመስለዋል። የኛ ሴቶች ይኼን ለማወቅ አንድ ዓመት በቃቸው። ከዚያ በኋላ ጠላ የሚጠምቅ ሁሉ የሚጠምቀው በሻዕባን ሆነ። ባሕረ ሐሳባችንን ትተን የእስላሙን ጨረቃ እንቆጥር ጀመር። ብቅሉ ቢገኝም ለሐጃ እከሊት የምናግዛት ነው ይባላል፤ ሽታውም ከሺህ ሽታ መሀል አንዱ ነው። የማይታለፈው ገሾው ብቻ ነበር። ለገሾ ምንም ምክንያት አልነበረንም።

እነዚያ ዓመታት ግንቦት ልደታ ከሻዕባን ጋር ትገጥም ነበር። እትዬ ደብሬ ለልደታ ስለት ነበረባት፤ ልጇ እስኪመጣ ድረስ በየዓመቱ ለጎረቤት ጠላ ላታቋርጥ። መሸጥ አይደለም፣ መዘከር ነው። ያን ዓመት ድንበሩ ጠበቀ ተባለና ባይጠመቅስ አልኳት። ድምፅዋን ቀነሰች። «ጠላውን የተውሁ ዕለት ልጄን የተውሁት ነው የሚመስለኝ» አለች። ልደታ ደግሞ እንደምታውቁት ቤት ተዘግቶ የምትከበር በዓል አይደለችም፤ ከደጅ ነው፣ ከዛፍ ስር፣ ንፍሮው ተቀቅሎ፣ ሰው ሜዳ ላይ ተቀምጦ። የተገረፈች ሴት፣ ሁለተኛ ከተያዘች ድልድዩን የምትሻገር ሴት፣ ጠላዋን ተሸክማ ኒሙ ስር ልትቀመጥ ነው። በማሰሮ ሳይሆን በሻይ ብርጭቆ ይቀዳል፣ ከሩቅ ሻይ ይመስላል አለችኝ። ያጽናናችኝ መስሏታል።

ገሾውን አንድ የሎሪ ረዳት ከገላባት መቀመጫ ትራስ ውስጥ ሰፍቶ አመጣልን። ጥንስሱ ተጠነሰሰ፣ እንኩሮው ተቆላ፤ ሐጃ ሲታናም በዚያው ቀን የራሷን ስለጋገረች የሁለታችን ጭስ አንድ ሆኖ ወጣ። ምን እንደምንሠራ ታውቅ ነበር? ታውቃለች። ጠይቃን ግን አታውቅም፤ እኛም ነግረናት አናውቅም። ድፍድፉ ቤት ውስጥ በጋን ተደፍድፎ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ልደታ በዚያ ሳምንት ልትውል፣ አንድ ረፋድ ላይ ያቺ መኪና ከበር ቆመች። ሞተሯ ጠፍቶም ስትንፈራገጥ ሰማኋት።

ሁለት ፖሊሶች ገቡ። ከኋላቸው ሸኽ ኢድሪስ። ረመዳን ሳይገባ ሰፈሩ እንዲጸዳ ጀመዓው ስለጠየቀ ፍተሻው ሲካሄድ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለምስክርነት ይቆም ነበር፤ ተራው የሱ ሆነ። ጎረቤቱ ስለሆንን ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ታላቁ ፖሊስ ቀጥ ብሎ ጋኑ ጋ ሄዶ ጨርቁን ገለጠ። ከጓዳው ጥግ የተረፈው ገሾ በትንሽ ከረጢት ነበረ፤ እትዬ ደብሬ ወደኔ ሳትዞር፣ ውኃ አምጪ የምትለኝ ዓይነት ድምፅ አውጥታ በአማርኛ «ገሾውን ከትራሱ ስር አድርጊና ተቀመጪበት» አለችኝ። አደረግሁት። ከአልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። ሸኽ ኢድሪስ ከበሩ መቃን ስር ቆሞ መቁጠሪያውን ይቆጥራል።

ፖሊሱ ጣቱን ነክሮ አሸተተ። ማሪሳ ነው አለ፤ እነሱ የማሽላ ጠላን ማሪሳ ነው የሚሉት። እትዬ ደብሬ አፏን ልትከፍት ስትል አጥሩ ተንኮሻኮሸ። ሐጃ ሲታና በቀዳዳዋ እየተላጠች ገባች፤ ቶቧ ከአገዳው ላይ ተጠልፎ ቀርቶ ነበር፣ እየጎተተች ደረሰች። ያ ሊጥ የኔ ነው፣ ለረመዳን ነው፣ እዚህ ያስቀመጥኩት ጓዳዬ ስለጠበበኝ ነው፣ ይቺ ሴትዮ ታግዘኛለች አለች። በአንድ ትንፋሽ ነው ያለችው። ፖሊሱ ወደ ባሏ ዞረ። «ሸኽ፣ የቤትህ ነው?»

ሸኽ ኢድሪስ ጋኑን አየ። ሚስቱን አየ። እኔን ከተቀመጥኩበት አየኝ፤ ትራሱንም ያየ መሰለኝ። ከዚያ «ረመዳን ደርሷል» አለ።

ፖሊሱ ሞኝ አልነበረም። እንግዲያው ይጋገር፣ እኔም ሻይ እየጠጣሁ አያለሁ አለና ራኩባው ስር ተቀመጠ። ሐጃ ሲታና ሳጇን አስመጣች፣ ለኮሰች፣ ዝንጅብሏንና ቀረፋዋን በትናበት ድፍድፉን በጭልፋ እያወጣች ታፈሰው ጀመር። እትዬ ደብሬ እሳት ታነዳለች፣ እኔ የደረቀውን እያነሳሁ እደረድራለሁ። የስለት ጠላችን፣ የልደታ ጠላችን፣ ገሾው እንደ ተወቀጠ ውስጡ እያለ፣ ቂጣ ሆኖ ከብረት ላይ ይነሳል። ሽታው ትንሽ መረር ብሎ ሲወጣ እትዬ ደብሬ እንጨቱን አጭሳ ጭሱን ወደ ፖሊሱ ትመልሰዋለች፤ እሱም ዓይኑን እየጠረገ ይርቃል። ጋኑ እስኪያልቅ ግን ከግቢው አልወጣም። ሲያልቅ ከቂጣው ቆርሶ አኘከ፤ ፊቱን ቋጠር አደረገ። የመጠጡ ስም ራሱ ጣፋጭና መራራ ማለት ስለሆነ ይሁን፣ ወይ ሰልችቶት፣ ሸኹን ሰላም ብሎ ወጣ። ቂጣው ግን የሐጃ ሲታና ተብሏልና ሁሉንም ተሸክማ በቀዳዳው ወደ ቤቷ ገባች። ለፍየሎች እሰጠዋለሁ አለችን በሹክሹክታ።

ልደታን ኒሙ ስር በንፍሮና በውኃ አከበርናት። ሐጃ ሲታናም መጥታ ባቄላውን በእፍኟ ስትበላ ዋለች። እትዬ ደብሬ ግን አልበላችም። ስለቴ ተሰበረ አለች። ዘንድሮ ልጇ ቢያዝ በምን እንደተያዘ እንደምታውቅ ነገረችኝ። እንዲያ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበርና፣ ከጅራፉም ከድልድዩም በላይ ያን ቀን የፈራሁት እሷን ነው፤ ተነሥታ የምትሄድ፣ አንድ ነገር የምታደርግ ትመስል ነበር።

ረመዳን ገባ። ገዳሪፍ ሲያፈጥሩ ወንዶቹ ምግባቸውን ይዘው ከመንገድ ነው የሚቀመጡት፤ ሰሌኑ ተነጥፎ፣ ትሪው ከየቤቱ ወጥቶ፣ መንገደኛውን እጁን ይዘው እየጎተቱ ያስቀምጡታል። እኛ ከአጥራችን ስር ሆነን ማየት እንወድ ነበር። በመጀመሪያው ምሽት አዛኑ ሊሰማ ሲል ሐጃ ሲታና በቀዳዳው ጭንቅላቷን ብቻ አስገባች። ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም። ያን ቂጣ ለፍየሎቹ ሳልሰጠው ሸኹ ከማጀት ገብቶ ሒሉ ሙሩን መርጧል፤ የሐበሻዋ ቤት የተጋገረውን ነው የምፈልገው ብሎ በጁ ነክሮታል አለችን።

አጥሩን ይዤ ቆምኩ። ትሪዎቹ ወጡ። ኢማሙ አለ፣ ማዘጋጃ ቤት የሄዱት ሽማግሌዎች ሁሉ አሉ፣ ያ ፖሊስም አለ። አዛን ተባለ፤ ሸኽ ኢድሪስ ተምሩን በልቶ ጆጉን አነሣና ጠጣ። ቆም አለ። ድጋሚ ጠጣ። ከዚያ ጆጉን ለኢማሙ አቀበለው። ጆጉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ዓይኔን መጨፈን አልቻልኩም። በገሾ ላይ ሕግ ያወጡ ሰዎች የገሾ ውኃ እየተቀባበሉ ነው፤ አንዱ ብቻ ጣዕሙን ቢያውቀው አበቃልን። በሌላ ቀን ቢሆን የምስቅበት ነበር። ፖሊሱ ጠጥቶ አፉን ጠረገ። ኢማሙ የዘንድሮው ጠንከር ያለ ነው አለ። ሸኽ ኢድሪስም አልሐምዱሊላህ አለ፣ ሰዎቹም ወደ ገንፏቸው ተመለሱ።

ወደ መስጊድ ሲነሱ እሱ ወደኋላ ቀረ። ባዶውን ጆግ ይዞ ወደ በራችን መጣ። እትዬ ደብሬ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች፤ ልብሷን አስቀድማ በፌስታል ቋጥራ ነበር፣ ይኼን ያወቅሁት በኋላ ነው። ሸኽ ኢድሪስ ከበሩ አልገባም። ግራ ቀኝ አየና በአማርኛ፣ በጥርት ያለ የጎንደር አማርኛ ተናገረ።

«እትዬ ደብሬ፣ ገሾው በዝቶ ነበር። ሁለተኛ እንዳይደገም።»

ሁሉንም ሰምቶናል ማለት ነው። ያን ሁሉ ዓመት። ቀይ ጢሙን፣ ሚዛኑን፣ ጣቱን። ከትራሱ ስር አድርጊውን። እትዬ ያላትም እኛ ስንላት ሰምቶ ነው። እናቱ የጎንደር አዲስ ዓለም፣ የእስላሙ ሰፈር ሰው እንደነበረች፣ አማርኛውን ከጡቷ ጋር እንደጠባው፣ እሷ ከሞተች ወዲያ ለማንም ተናግሮት እንደማያውቅ የነገረችን ሐጃ ሲታና ናት፣ ያውም ከብዙ ጊዜ በኋላ። እሱ ግን ጆጉን መሬት ላይ አስቀመጠና አንድ ነገር ጨመረ።

«ከሱቄ ደጅ ቆማችሁ ስለ ልጅዎ አታውሩ። አማርኛ የሚሰማ እኔ ብቻ አይደለሁም።»

ይኼን ብሎ ወደ ሶላቱ ሄደ።

ፍርሃት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ከዚያ ወዲያ ነው። በፊት የምፈራው መኪናዋን ነበር፤ መኪና ደግሞ ድምፅ አለው። አሁን ግን ውኃ ቀጂው፣ ዘይት ቤቱ ያለው ግመል ነጂ፣ ሰሊጥ የምናበጥርበት ቤት አዛውንት፣ ሁሉም የሚሰሙን መሰለኝ። ከሱቁ ደጅ ስናወራ ከኋላችን እነማን ተሰልፈው እንደነበር ላስታውስ እየሞከርኩ እንቅልፍ አጣሁ። እትዬ ደብሬ ባሰባት። ፌስታሉን ፈታች፣ አልሄደችም፤ ግን የልጇን ስም ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጠራችም። ስትጸልይ እንኳ በልቧ ነው። በቤታችን ውስጥ ጨው አቀብይኝ የምንባባለው በእጅ ምልክት ሆነ። ሸኽ ኢድሪስ ሱቅ ስንሄድም በአረብኛ ዋጋ ጠይቀን፣ ከፍለን፣ ዝም ብለን እንወጣለን፤ እሱም እንደ ድሮው ዘይቱን ሳያፈስ ይሞላልናል። ይምከረን ያስፈራራን፣ እስከ ዛሬ ለይቼ አላወቅሁትም። ምናልባት እሱም አልለየውም ነበር።

ክረምቱ አለፈ። ሰሊጡ ደረሰ፣ አጫጆቹ ገቡ፤ በየሎሪው ላይ ተጭነው ወደ ባሱንዳ እርሻዎች ሲያልፉ እትዬ ደብሬ ከኒሙ ስር ሆና ፊታቸውን ታያለች፣ አትጠይቅም። አንድ ከሰዓት በኋላ ልብስ እየጨመቅን ሳለ አጥሩ ተንኮሻኮሸ። ሐጃ ሲታና መስላን ቀና አላልንም። ከቀዳዳው መጀመሪያ የወጣው ሸኽ ኢድሪስ ነው፤ ያን ረጅም ቁመቱን አጥፎ፣ ጀላቢያው አገዳ ይዞት። የአንድ ሰው እጅ ይዞ ነበር። በመንገዱ በር ሳይሆን በራሱ ቤት፣ በሚስቱ ማጀት አሳልፎ ነው ያመጣው። ሰውዬው ጭድ የተጣበቀበት ፀጉር፣ የሌላ ሰው ሸሚዝ፣ አጥንቱ የወጣ ጉንጭ ነበረው። ሸኽ ኢድሪስ እጁን ለቀቀውና በመጣበት ተመለሰ።

ሙሉቀን እናቱን ሲያያት አፉን ከፈተ። እትዬ ደብሬ የጨመቀችውን ልብስ ጥላ ሮጠች። ስትደርስ አልሳመችውም፣ አላቀፈችውም። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር፣ እማዬ ሳይል፣ እርጥብ መዳፏን አፉ ላይ መክደን ነው።